የሶሾሎጂ ተማሪዎቼን ከሞጁሉ ውጭ ምን ላስነብባቸው?

ጦሳ ሥር
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ነው የማስተምረው። ዘንድሮ የሶሾሎጂ ሁለተኛ ዓመት ደርሶኛል። ሃምሳ ሦስት ልጆች ናቸው። ቡና ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ ብትሰሟቸው ግማሹ ወሬ ሶሾሎጂ ነው። ክፍል ሲገቡ ግን ዝም።

ባለፈው ሳምንት የሶሾሎጂ መሥራች የሚባለውን የዱርካይምን አንድ ምዕራፍ አስነበብኳቸው። አሥራ ስምንት ገጽ ነው። ከክፍል ስንወጣ አንዷ ልጅ ኮፒዋን ወንበር ላይ ረስታው ሄደች። ልመልስላት አንስቼ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ከባድ ቃል በላይ በእርሳስ አማርኛው ተጽፏል። ጽሕፈቱ ከመድቀቁ የተነሣ መስመሩ ራሱ አይታይም። ሁለተኛው ገጽ ላይ እየሳሳ መጣ። ሦስተኛው ላይ አራት ቃል ብቻ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ከኮፒ ቤት እንደወጣ።

ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ያን አንድ ገጽ ለመሙላት ማታውን ሙሉ ሳትፈጅ አልቀረችም። እኔ ነኝ አመራረጡን ያልቻልኩበት።

ምን ሰጥታችሁ ነው ያነበቡላችሁ? «በጣም ጠቃሚ ነው» የምትሉትን ሳይሆን፣ በእውነት ያነበቡላችሁን ንገሩኝ።

ሀረጎ ጥምዝ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

አሥራ ስምንት ገጽ ዱርካይም ለመጀመሪያ? እህቴ፣ ይሄ እኮ ቁርስ ሳይበሉ የሀረጎን ዳገት በእግር መውጣት ነው።

በአምስት ገጽ ጀምሪ። ሆራስ ማይነር የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1956 ናሲሬማ ስለሚባሉ ሕዝቦች የጻፋት አለች። ናሲሬማዎች በየቤታቸው ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ሣጥን አላቸው። ሣጥኑ ውስጥ የየዓይነቱ መድኃኒት ያጉራሉ፣ ግማሹን ለምን እንደያዙት ረስተውታል። በየቀኑ አፋቸውን በአሳማ ጸጉር ይፈትጋሉ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ አፍ የሚጎረጉር ሰው ዘንድ ሄደው፣ እየከፈሉ ይሠቃያሉ።

ስለማን እንደሆነ አትንገሪያቸው። ያንብቡ፣ ይሳቁ፣ «ምን ዓይነት ኋላ ቀሮች ናቸው» ይበሉ። ከዚያ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰሌዳ ላይ ጻፊና ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት በያቸው። አሜሪካን ይላል። ሣጥኑ የመታጠቢያ ቤት መድኃኒት ማስቀመጫ ነው፣ ጎርጓሪው የጥርስ ሐኪም ነው።

እኔ ሁሌ ቀጥዬ የምሰጠው ሥራ አለ፤ የራሳችሁን አገር እንደዚሁ አድርጋችሁ ጻፉ። አንድ ልጅ «የሴደ ሰዎች» ብሎ አመጣልኝ። ሴደ ማለት ደሴ ናት፣ ተገልብጣ። እንዲህ ይላል፤ «ሴደዎች ጭጋግ በማይለየው ተራራ ሥር ይኖራሉ። ሴቶቻቸው አንድ ፍሬ እስኪጠቁር አሳርረው ጭሱን ወደ እንግዳው አፍንጫ ያቀርባሉ። እንግዳው ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ካልሳበ ይታማል። ጥቁሩን ውሃ ሦስት ጊዜ ሳይጠጣም አይሰናበትም። ሦስተኛው ውሃ ቀለምም ጣዕምም የለውም፣ ምርቃቱ ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው ይላሉ።» በረካን እንደዚህ አይቻት አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጡረታ ሊወጣ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ላንሣ። ልጆቹ ስለሳቁ ተማሩ ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለባቸው። ከ2015 ጀምሮ ያንን ሳያልፍ ዲግሪ የሚይዝ የለም። ፈተናው ደግሞ ስለ ቡና አይጠይቅም፣ ስለ ዱርካይም፣ ስለ ቬበር፣ ስለ ማርክስ ነው የሚጠይቀው። የቀለለውን ብቻ እያጎረስናቸው አሳልፈን አንስጣቸው።

ይልቅ አሜሪካዊው ሶሾሎጂስት ሚልስ ለምን አይሆንም? እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ። እዚያ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፣ እሷን ብቻ አውጥተሽ ስጫቸው። 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ከፈታ ሰውየውን፣ ሙያውን፣ ጠባዩን እናያለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን የሰውየው ጠባይ መልስ አይሆንም፣ ችግሩ ያለው አገሩ አወቃቀር ላይ ነው ይላል። እኔ ይህቺን ካነበብኩላቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። «ሰፈራችሁ ውስጥ ተመርቆ ሥራ ያጣ ስንት ሰው አለ? ስማቸውን ሳትጽፉ ቁጠሩ።» ከዚያ ክፍሉ ዝም አይልም።

ፊት ወንበር አይደለሁም
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት። ቲቸሮቹ ብቻ ስታወሩ ዝም ማለት አቃተኝ።

ለምን እንደማናነብ ልንገራችሁ? ፈተናው ላይ አይመጣም። በቃ። «ዱርካይም ራስን ማጥፋትን በስንት ከፈለው?» ተብሎ ነው የሚመጣው። መልሱ ስላይዱ ላይ አለ፣ አራት። ታዲያ አሥራ ስምንት ገጽ ለምን አነባለሁ? አራትን ለማግኘት?

ሌላው ደግሞ ቴሌግራም ላይ የምትለቁልን ፒዲኤፍ ነው። ስልክ ላይ ማጉላት፣ መስመሩን ወደ ቀኝ መግፋት፣ መልሶ ወደ ግራ መጎተት። መስመሩ ሲያልቅ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። አንዱ ፋይል ላይ ደግሞ ስካን ያደረገው ሰው አውራ ጣት አለ፣ በየገጹ። ግማሽ አንቀጽ ሸፍኗል። የሰውየውን ጥፍር ከደራሲው ስም በላይ አስታውሰዋለሁ።

ጡረታ ሊወጣ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እውነትህን ነው ልጄ፣ ፈተናው የኛ ጥፋት ነው። ስለ አራቱ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አራተኛውን ዓይነት ዱርካይም ራሱ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው ጣል ያደረገው። ዋናው ጽሑፍ በሦስቱ ላይ ነው የቆመው። አራቱንም እኩል አሰልፎ ያቀረበልህ ስላይዱ ነው። መጽሐፉን የከፈተ ሰው «ለምን ወደ ግርጌ ጣለው?» ብሎ ይጠይቃል። ይሄ ጥያቄ ስላይድ ላይ አይገኝም።

ደግሞም ለጀማሪ ራስን ስለ ማጥፋት አስቀድሞ ማስነበብ ደስ አይለኝም። ከፊታችን የተቀመጠው ልጅ ምን ተሸክሞ እንደመጣ አናውቅም።

የሰኞ ገበያ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ያ ጀማዓ፣ እዚሁ ደሴ ተቀምጣችሁ ስለ ደሴ የተጻፈውን ትዘላላችሁ?

አማርትያ ሴን። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ያወጣው መጽሐፍ ሰባተኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያን ረሃብ ነው የሚያወራው። ከ1965 እስከ 66 ወሎ ላይ የደረሰውን። ሰውየው ምን አደረገ መሰላችሁ? የደሴን የእህል ዋጋ ቁጭ ብሎ አየ። የኛን ገበያ! ሰው በረሃብ እያለቀ እህሉ ያን ያህል አልተወደደም። እንደ አገር ምርቱም ያን ያህል አልወደቀም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር።

እንዴት ሊሆን ይችላል? የወሎ ገበሬ እርሻው ከሸፈበት። የራሱ እህል የለውም፣ የሚሸጠው ነገርም የለው። ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ገበያ ላይ ድምፅ የለውም። ዋጋ የሚሰቅል ገዢ ነው፣ ገዢ ከሌለ ዋጋው ዝም ይላል። እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። አፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱ እያለቀበት፣ የተረፈውን ሲሸጥ የሚያገኘው እህል አነሰበት። ኢንታይትልመንት የሚለው የሴን ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፤ ሰው የሚራበው ምግብ ስለሌለ ብቻ አይደለም፣ ያለውን የራሱ የሚያደርግበት መንገድ ሲዘጋበት ነው።

ይሄን ለደሴ ልጅ ስጪው። ካላነበበ እኔን ጥሪኝ።

ጦሳ ሥር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወይ ጉድ! የኔ ተማሪዎች ሰኞ ገበያን ረግጠው ነው ወደ ክፍል የሚመጡት። እኔ ራሴ ሴንን ያወቅኩት በትርጓሜው ነው፣ «ኢንታይትልመንት ማለት…» ተብሎ ከተጻፈልኝ ማስታወሻ። ምዕራፉን ከፍቼው አላውቅም። አፈርኩ።

ቃሉን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ ግን? «መብት» ካልኳቸው ሕግ ያስባሉ።

ሀረጎ ጥምዝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

«ማግኛ» በያቸው። የእህል ማግኛ። መሬት ማግኛ ነው፣ ደመወዝ ማግኛ ነው፣ በሬ ማግኛ ነው፣ ዘመድ ማግኛ ነው። ሊቃውንቱ ላይወዱት ይችላሉ፣ ልጆቹ ግን ይገባቸዋል።

ቀይ እስክሪብቶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሴንን ስትሰጪ ብቻውን አትስጪው። ስቲቨን ዴቨሩ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ወደዚሁ ወደ ወሎ ጉዳይ ተመልሶ ሞግቶታል። እዚያው ወሎ ውስጥ የእህል እጥረቱን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም ባይ ነው። እኔ ማን ልክ እንደሆነ አልነግራቸውም። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለሴን፣ ግማሹን ለዴቨሩ ጠበቃ አደርጋለሁ። በአሥር ዓመት ማስተማር የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ተማሪ የሚያነበው ጠብ ሲኖር ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻውን ሲመጣ እንደ ስብከት ይሰማዋል፣ አንገቱን ይነቀንቅና ይረሳዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ በ66 ወይም በ77 ያለቀ ሰው አለ። «አያታችሁን ጠይቃችሁ ኑ» ብለሽ እንደ የቤት ሥራ አትጫኛቸው። የፈለገ ይጠይቅ። ያልፈለገ ገበያ ሄዶ ነጋዴ ያነጋግር። እኔ አንዴ አስገድጄ አንዲት ልጅ ሜዳ ላይ አልቅሳብኛለች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቦርከና
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

የምሳ ሰዓቴ ነው፣ ቶሎ ልበል። ሶሾሎጂ ነው የተመረቅኩት፣ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሀብት ላይ ነኝ። ከአራት ዓመት ትምህርት አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ስድስት ሰባት ገጽ ነው ብል አትስቁ።

የጀርመናዊው ሶሾሎጂስት የጌኦርግ ዚመል «ባዕዱ»። እ.ኤ.አ. 1908። ባዕድ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው መንገደኛ አይደለም ይላል፣ ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቀረው ነው። ቅርብም ነው ሩቅም ነው። እና ሰዎች ለቅርባቸው የማይነግሩትን ለዚህ ሰው ይነግሩታል።

ተማሪ ሆኜ ምንም አልመሰለኝም። ኮምቦልቻ መጥቼ ቤት የተከራየሁ ሰሞን አከራዬ በሩ ላይ ቆመው፣ ገብስ እየለቀሙ፣ ለገዛ እህታቸው ያልነገሩትን የትዳራቸውን ነገር ነገሩኝ። ስሜን በቅጡ አያውቁትም ነበር፣ ሁለት ሳምንቴ ነው። ማታ ተኝቼ «ዚመል!» ብዬ ብድግ አልኩ። እውነቴን ነው።

ፋብሪካ የሚሠሩት ልጆች ከየገጠሩ የመጡ ናቸው፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ። ሰፈሩ ሲፈልግ «ልጆቻችን» ይላቸዋል፣ ሲፈልግ «መጤ»። ይሄን ጽሑፍ ይዘው ተማሪዎቹ አንድ ቀን ወደዚህ ይውረዱ። ሚኒባስ ነው፣ ቅርብ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዚመልን ወደ እንግሊዝኛ ካመጡት አንዱ ዶናልድ ሌቪን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የዚመልን ጽሑፎች ሰብስቦ አሳትሟል። ያው «ሰምና ወርቅ»ን እ.ኤ.አ. በ1965 የጻፈው የቺካጎው ሶሾሎጂስት።

ሰምና ወርቅን አንድ ጊዜ ሰጥቼ ነበር። ስለ ቅኔው ያለውን ወደዱት። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ሚስ፣ እዚህ ውስጥ አማርኛ የሚናገረው ሙስሊም የት ሄደ?» አለኝ። ሰውየው ማንዝን ነው ያየው፣ ክርስቲያኑን ሸዋ። ወሎ ላይ ደግሞ አንዱ ቤት ውስጥ አጎት ሼህ ነው፣ አክስት ማኅበር ትጠጣለች። ያ ጥያቄ ከመጽሐፉ በላይ አስተማረን። ስለዚህ ስጪያቸው፣ ግን «እናንተ የት አላችሁ?» ብለሽ ስጪያቸው።

ጡረታ ሊወጣ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

ሁላችሁም ከዱርካይም ሸሻችሁ። ልመልሳችሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ሥራ ክፍፍል የጻፈውን አስቡት። ሰዎች በምን ተሳስረው እንደሚኖሩ በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ ሕጋቸውን እንይ ይላል። የሚቀጣ ሕግ የበዛበት ኅብረተሰብ አንድ ዓይነት ትስስር አለው፣ ሜካኒካል ይለዋል፤ የተበላሸውን የሚያስተካክል ሕግ የበዛበት ሌላ ዓይነት፣ ኦርጋኒክ። ይሄን በትርጓሜ ከሰጠሽ ሜካኒካል፣ ኦርጋኒክ፣ አበቃ፣ ተኛ።

እኔ መጀመሪያ የቅሬ መተዳደሪያ ደንብ አምጡ እላለሁ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ የምንለውን። አባቶቻቸው ዘንድ አለ፣ አንዳንዱ በእጅ የተጻፈ፣ አንዳንዱ የተተየበ፣ ማኅተም ያለው። ቀብር የቀረ ስንት ይቀጣል? ድንኳን የቀደደስ? ደጋግሞ የቀረውን ምን ያደርጉታል? አንዱ ልጅ ያመጣው ደንብ ላይ ዕቃ የሰበረ ይተካ ይላል፣ ብቻ። ገጠር ያለው የሌላው ልጅ ቅሬ ግን የተጻፈ ደንብም የለው። እምቢተኛውን እሳት አይጫጫሩትም፣ አለቀ። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ፣ ከዚያ በኋላ ነው የዱርካይምን ሁለት ገጽ የማወጣው። ሁለት ገጽ ብቻ። «ይሄማ ስለኛ ቅሬ ነው» ይላሉ።

መቼም ከተማው ያስተካክላል፣ ገጠሩ ይቀጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። የከተማውም ቅሬ ሲበዛበት ያባርራል። እዚያ ላይ ይከራከሩ፣ ዱርካይምም ይከራከሩት።

ፊት ወንበር አይደለሁም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አላስተማሩኝም።

ጡረታ ሊወጣ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ዕድልህ ነው። አብሽር።

ጦሳ ሥር
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ተመልሼ መጣሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ናሲሬማ ሠርቷል። ሁለት ልጆች ብቻ ቀድመው ነቁ፣ አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ዝም አሉልኝ።

ሴንን ሙሉውን ምዕራፍ አልሰጠሁም። ስድስት ገጽ ቆረጥኩ። ታች አሥር ቃል በአማርኛ ጻፍኩ፣ «ማግኛ»ም አለችበት። ስካን አላደረግኩም፣ የኔ አውራ ጣት ዝነኛ እንዳይሆን ብዬ ራሴ ተየብኩት። እንግሊዝኛውን ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ጮክ ብለው አነበቡ፣ ክርክሩ በአማርኛ ሆነ። ማጠቃለያ ጻፉ አላልኩም። ያልተስማማችሁበትን አንድ ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ገልብጡና ለምን እንዳልተስማማችሁ ሥሩ ጻፉ አልኳቸው። ይሄ ከማጠቃለያ ይሻላል፣ ከጓደኛ ሲገለበጥ ወዲያው ያስታውቃል።

ሰኞ ዕለት ገበያ ወጣን። ግዴታ አልነበረም፣ ሃያ ዘጠኝ መጡ። እህል ተራ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ከገቢዎች የመጣን መስሏቸው ዝም አሉን። አንድ ሽማግሌ ናቸው የፈቱን። ማሽላቸውን በጣታቸው እያንሸራተቱ፣ «ዋጋ የሚቆርጠው እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው» አሉ። አዲስ አበባ ስንት ገባ ብለው ሳይደውሉ አይሸጡም። አንዱ ልጅ ዘወር ብሎ «ቲቸር፣ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ነው የሚሄደው አይደል?» አለኝ። ገጽ አራት ላይ ያለችው ናት። አንብቧታል።

ሁሉም አላነበቡም። ስምንቱ ገጽ አንድን ያለፉ አይመስለኝም፣ ሦስቱ የጓደኛቸውን ዓረፍተ ነገር ከነስሕተቱ ገልብጠዋል። ኮፒዋን የረሳችው ልጅ ገበያ አልመጣችም፣ ታማ ነበር። ወረቀቷን ግን አስገብታለች። የገለበጠችው ሰው በረሃቡ ጊዜ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪና ይጠብቅ እንደነበር የሚያወራውን ነው። ሥሩ እንዲህ ብላለች፤ «አያቴ መንገድ ወጥታ ነበር። መኪና አልጠበቀችም። ሰው ነው የጠበቀችው።»

ፈተናውንም ቀየርኩት። ግማሹ ትርጓሜ ሆኖ ቀረ፣ ለመውጫ ፈተናው። ግማሹ ግን መጽሐፍ ከፍተው የሚሠሩት ነው። የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

የሚቀጥለው የቅሬው ደንብ ነው። እስካሁን አራት መጥቷል፣ አንዱ በአረብኛ ቢስሚላህ ይጀምርና በአማርኛ ይቀጥላል።

ቦርከና
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡22

ዚመልስ? ኮምቦልቻ መቼ ትወርዳላችሁ? ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ለጥበቃዎቹ ማስፈቀድ አለብኝ።

ሀረጎ ጥምዝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

የተየብሻቸውን ስድስት ገጾች ለኔም ላኪልኝ፣ እባክሽ። ያለ አውራ ጣት።